ሳንባው ለተጎዳ ሰው ሲጋራ ማቆሚያ መድኃኒት፦ ጅማ ውስጥ የሞከረ ወይም ቤተሰቡን ያስሞከረ ካለ

የሄርማታ ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:40)

ሰላም ለሁላችሁም። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ታገሡኝ።

አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ከጅማ አዲስ አበባ ቡና ሲያመላልስ የኖረ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሌሊት ሌሊት ነበር የሚነዳው። የግቤን ቁልቁለትና ዳገት በጫትና በሲጋራ ነው የጨረሰው። በቀን አንድ ፓኮ፣ መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ ከዚያም በላይ ያጨስ ነበር። ሳሉ ከጀመረው ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቤት ውስጥ «የአባባ የጠዋት ሳል» እያልን ለምደነው ነበር፤ ሲያስል ከሰማን ተነሥቷል ማለት ነው፣ ውኃ እናሞቅለታለን። በሽታ ነው ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። አሁን ሳስበው ያመኛል።

ባለፈው ክረምት ከመስጊድ ሲመለስ መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኙት። ትንፋሹ አልመለስ ብሎታል። ሰው «ብርድ መቶት ነው» አለ። ቀበሪቾ አጠኑት፣ በጢሱ ይባስ ታፈነ። ሆስፒታል ወስደነው በቱቦ በኃይል አስነፉትና ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው፣ ሲኦፒዲ ይባላል፣ የአየር ቧንቧዎቹ ጠበዋል፣ የተበላሸው ወደ ነበረበት አይመለስም አሉን። በአፍ የሚሳብ ፓፍ ታዘዘለት፣ ቴኦፊሊን የሚባል ኪኒንም አለው። ሐኪሙ ግን «ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሲጋራውን ማቆሙ ነው» አለና ማቆሚያ መድኃኒት እንዳለ ነገረን። ቫረኒክሊን እና ቡፕሮፒዮን የሚሉ ሁለት ስሞች ጽፎ ሰጠን፤ የትኛው እንደሚሻል ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንነጋገራለን አለ።

አባቴ ለማቆም ሦስት ጊዜ ሞክሯል። አንዱን 9 ቀን ቆየ። በዘጠነኛው ቀን እናቴ ላይ ጮኸባትና ወጥቶ ሄደ፤ ማታ ልብሱ ሲጋራ ሲጋራ እየሸተተ ተመለሰ። አፍሮ ለሳምንት ያህል ዐይናችንን ማየት አልቻለም ነበር። ዘመድ ደግሞ «ወንድ ልጅ ለሲጋራ ኪኒን ይውጣል እንዴ» ይላል።

ጥያቄዬ፣ የደከመ ሳንባ ላለው ሰው ይህ መድኃኒት ይሆናል? ጭንቅላት ይነካል የሚባለውስ እውነት ነው? ጫቱንና ቡናውን ሳያቆም መውሰድ ይችላል? የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

---

ሹፌር ከአጂፕ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:15)

አላህ ያሽርልሽ እህቴ። አባትሽን ሳላውቀው አልቀርም፤ የዚያ መንገድ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል።

እኔ እንደምታይው ስድስት ዓመት ሆኖኛል ከተውኩ። በረመዳን ነው የተውኩት። ቀኑን ሙሉ ሳላጨስ መዋል ከቻልኩ ማታውን ለምን እጨምርበታለሁ አልኩና በዚያው ቀረሁ። ኪኒን የሚባል አላየሁም። ሱስ የሚቆመው በልብ ነው። መድኃኒት ላይ መድኃኒት እየጨመራችሁበት ሰውነቱን እንዳታደክሙት ብዬ ነው።

---

ቦሳ ቂጦ (ማክሰኞ፣ ማታ 4:02)

ወንድሜ ሹፌር፣ በረመዳን መተውህ ትልቅ ነገር ነው፣ አላህ ያጽናህ። ግን የአንተ መተው የሌላውን አለመተው ስንፍና አያደርገውም። እኔ 66 ዓመቴ ነው። በጾም ወር ቀኑን ሙሉ እውላለሁ። አዛን ሲል ተምሩን በአንድ እጄ፣ ሲጋራውን በሌላው እጄ ይዤ ነበር የማፈጥረው። ይህንን የማወራው ኮርቼበት አይደለም።

የአባትሽ በሽታ የእኔም በሽታ ነው ልጄ። አምስት ጊዜ በራሴ ሞከርኩ። አምስቱንም ጊዜ የወደቅሁት ጠዋት ላይ ነው። ሌሊቱን ኒኮቲን ሳያገኝ ያደረ ሰውነት ከእንቅልፍ ሲነሣ ምን እንደሚል ያላጨሰ ሰው አያውቀውም። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሲናገር ግድግዳ የሚደበድብ ይመስላል፣ የገዛ ልጅህ ሳቅ ያናድድሃል። ደካማ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያ የኒኮቲን ማስቲካ ነው ያገኘሁት፤ ውጭ አገር ያለ ልጄ ላከልኝ። እንደ ማንኛውም ማስቲካ አላመጥኩት። ስቅታ ያዘኝ፣ ሆዴ ነደደ፣ ወርውሬ ጣልኩት። ለካ አኝኮ አኝኮ ሲለበልብ ጉንጭና ድድ መካከል አስቀምጦ መተው፣ መለብለቡ ሲጠፋ ደግሞ እንደገና ማኘክ ነው። ይህን የነገረኝ ማንም አልነበረም። ደግሞ ከቡና ጋር ነበር የምወስደው፤ ቡና አፍ ውስጥ እያለ ኒኮቲኑ በደንብ አይሰርግም፣ ከመውሰድ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ቡናም ለስላሳም አይጠጣም። ጅማ ተቀምጠን ይህን ሳናውቅ!

በኋላ ቫረኒክሊን ተሰጠኝ። 12 ሳምንት ወሰድኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እያጨስኩ ነው የምውጠው፣ እንደዚያ ነው ሕጉ። በሁለተኛው ሳምንት ሲጋራው ሣር ሣር አለኝ። ለኩሼ ግማሹ ላይ ጣልኩት። በሕይወቴ ግማሽ ሲጋራ ጥዬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል።

---

የሄርማታ ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 4:20)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህንን ለአባቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና «እሱ ሰውዬ የጠዋቱን ነገር ያውቀዋል» አለ። ስለዚህ ነገር ከጠየቅሁት ወዲህ ሳይቆጣ የመለሰልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

---

መድኃኒት ቤት (ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30)

እህቴ፣ ፋርማሲስት ነኝ፣ እዚሁ ጅማ ነው የምሠራው። የሐኪማችሁን ቦታ መያዜ አይደለም። ነገር ግን የጠየቅሽው ሰዎች መስኮታችን ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁን ነገር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

«ልማድ በኪኒን አይተውም» ለሚለው፦ ኒኮቲን አንጎል ውስጥ የራሱ መቀመጫ አለው። ሰው ለዓመታት ሲያጨስ መቀመጫው ይበዛል። ባዶ ሲሆን ይጮኻል፤ ሐራራ የምንለው ይህንን ነው። ቫረኒክሊን ሄዶ እዚያው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፣ ግን እንደ ኒኮቲን ሙሉ በሙሉ አይቀሰቅሰውም። በከፊል ስለሚቀሰቅሰው ሐራራውን ያበርዳል። ቦታውን ስለያዘ ደግሞ ሰውየው ቢያጨስ እንኳ የድሮውን ደስታ አያገኝም። ጋሼ ከቦሳ ሣር ሣር አለኝ ያሉት ይኼንኑ ነው።

አወሳሰዱ ቀስ እያለ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት 0.5 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን 0.5 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ከ8ኛው ቀን ጀምሮ 1 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ። ሲጋራው የሚቆምበት ቀን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ይቆረጣል። ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው፤ ምግብ ተበልቶ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ሲወሰድ ይቀንሳል። ሕልም ይበዛል፣ እንቅልፍም ሊረበሽ ይችላል። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው መጠኑ ስለሚቀነስለት አስቀድማችሁ የኩላሊት ምርመራ አሠሩ። በአንድ ጊዜ ማቆም አልችልም የሚል ካለም መንገድ አለው፤ መድኃኒቱን እየወሰደ በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ሲጋራውን በግማሽ፣ በሚቀጥሉት 4 ሳምንታት የቀረውን ደግሞ በግማሽ ይቀንስና እስከ 12ኛው ሳምንት ጨርሶ ይተዋል። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ በጠቅላላው 24 ሳምንት ይወሰዳል።

የተጎዳ ሳንባ ላለው ይሆናል ወይ ላልሽው፣ በእነዚሁ ሰዎች ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 ቀለል ያለና መካከለኛ ሲኦፒዲ ባላቸው 504 አጫሾች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ግማሾቹ ቫረኒክሊን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ኪኒን ለ12 ሳምንት ወሰዱ። ዓመቱ ሲያልቅ ሳያጨሱ የዘለቁት ከመድኃኒቱ ወገን 18.6 በመቶ፣ ከሌላው ወገን 5.6 በመቶ ናቸው። ቁጥሩን እንዳለ የምነግርሽ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ጀምሮ ሲወድቅ «ለእኔ አልሠራም፣ እኔ የባስኩ ነኝ» ብሎ ስለሚቀር ነው። መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ ሰማንያ የሚበልጡት ወይ አላቆሙም ወይ በዓመቱ ውስጥ ተመልሰዋል። ያለ መድኃኒት ግን የሚጸኑት በጣም ያነሱ ናቸው። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ መሞከር የሕክምናው አካል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አባትሽ ቴኦፊሊን ይወስዳሉ ብለሻል። ይህንን በደንብ አንብቢ። የሲጋራ ጢስ ጉበት ቴኦፊሊንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ይህን የሚሠራው ጢሱ ነው፣ ኒኮቲኑ አይደለም፤ ስለዚህ በኒኮቲን ማስቲካ ወይም ቆዳ ላይ በሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተር ያቆመ ሰውም ላይ ይመጣል። ሰውየው ማጨስ ሲያቆም ጉበቱ በቀናት ውስጥ ቀስ ይላል፣ ያው የድሮው መጠን ደሙ ውስጥ ይከማቻል። ያቅለሸልሻል፣ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስ የሚጥል በሽታ ያስነሣል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት መጠኑን ከሩብ እስከ ሲሶ ይቀንሱታል። ሰው ግን ማቅለሽለሹን የቫረኒክሊን ያደርገውና ማቆም የማይገባውን መድኃኒት ያቆማል። ማቆሚያውን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ለሐኪሙ «ቴኦፊሊኑንስ ምን እናድርገው?» በሉት።

---

መድኃኒት ቤት (ረቡዕ፣ ጠዋት 1:48)

ቡናውን ረሳሁት። ካፌይንም በዚያው መንገድ ነው ከሰውነት የሚወገደው። ሲጋራ ያቆመ ሰው ያንኑ ሲኒ ቡና ጠጥቶ ደሙ ውስጥ እጥፍ ገደማ ካፌይን ሊኖረው ይችላል። እንቅልፍ ያጣል፣ ይነጫነጫል፣ ልቡ ይመታል። ከዚያ ሐራራ መስሎት ይለኩሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁሉንም የሚጠጡ ከሆነ በግማሽ ይቀንሱ፣ ከሰዓት በኋላውን ደግሞ ይተዉት።

---

ተማሪ ቂጦ (ረቡዕ፣ ቀን 6:10)

ስለ ቡፕሮፒዮንስ? አጎቴ ይቅማል፣ ያጨሳል፣ ሲኦፒዲም አለበት ተብሏል። ቴሌግራም ላይ ማዘዣ ሳይጠይቅ የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ኪኒኑ ያለ ካርቶን ነው ግን።

---

መድኃኒት ቤት (ረቡዕ፣ ቀን 6:55)

አትግዛው ወንድሜ። ካርቶን የሌለው፣ የሚያበቃበት ቀን የማይታይ፣ ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ ኪኒን ለታመመ ሳንባ አይሰጥም።

ቡፕሮፒዮን መጀመሪያ የድብርት መድኃኒት ነበር፣ በኋላ ሲጋራ ለማቆም እንደሚረዳ ታወቀ። ሲኦፒዲ ባለባቸው ሰዎችም ላይ ተሞክሮ ጠቅሟል። 150 ሚሊግራም በቀን አንዴ ለ3 ቀን፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ በመካከሉ ቢያንስ 8 ሰዓት ልዩነት ኖሮት ለ7 እስከ 12 ሳምንት ነው የሚወሰደው። ችግሩ የሚጥል በሽታ የመቀስቀስ ጠባይ አለው። የሚጥል በሽታ ላለበት ወይም ኖሮበት ለሚያውቅ አይሰጥም። አልኮል አብዝቶ የሚጠጣና በድንገት ያቆመ ሰውም አይወስደውም። ቴኦፊሊን እና ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ኪኒን ደግሞ ይህን አደጋ ይጨምራሉ፤ ሁለቱም የሳንባ ሕመምተኛ ኪስ ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

በዚህ ላይ ጫት አለ። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። ቡፕሮፒዮን በኬሚካል ዘሩ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። አነቃቂ ነገር ከቡፕሮፒዮን ጋር መደረብ አደጋ እንዳለው መመሪያው ላይ ተጽፏል። እንግዲህ ቀኑን ሲቅም ውሎ፣ በጨብሲ አምሽቶ፣ ቴኦፊሊን እየዋጠ ቡፕሮፒዮን ልጀምር የሚል ሰው መስኮቴ ላይ ቢመጣ ወደ ሐኪሙ ነው የምመልሰው። አጎትህ ለሐኪሙ እንደሚቅሙ ይናገሩ። ብዙ ሰው ይህን ይደብቃል፣ ሐኪሙም አንዳንዴ አይጠይቅም።

---

የጅረን ሰፈር (ረቡዕ፣ ማታ 1:20)

እኔ ደግሞ ስለ እናቴ ነው። ሲጋራ በአፏ አዙራ አታውቅም። ሐኪሙ ግን ያው ሲኦፒዲ ነው ያላት። ዕድሜዋን በሙሉ በማገዶ እንጀራ ጋግራለች፣ ገጠር ሳለች ደግሞ ከአያቴ ጋር ጋያ ትስብ ነበር፤ እሱን እንደማጨስ አይቆጥሩትም፣ በውኃ ስለሚያልፍ ንጹሕ ነው ይላሉ። አሁን አባቴ አጠገቧ ያጨሳል። ለእሷ የሚሆን መድኃኒት አለ ወይ?

---

ነርስ ነኝ (ረቡዕ፣ ማታ 2:05)

እህቴ፣ የጋያ ጢስም ጢስ ነው። ውኃው ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም። እናትሽ አሁን የማይስቡ ከሆነ ማቆሚያው መድኃኒት የሚያስፈልገው ለአባትሽ ነው፤ እሱ ሲያቆም ለሁለቱም ይሆናል። የማገዶውን ነገር ደግሞ አትናቁት። የሚጋገርበት ቤት መስኮት ይከፈት፣ ማገዶው ይድረቅ፣ ከተቻለ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ካልሆነም ሌላ ሰው ይጋግር። ዕጣኑም፣ ቀበሪቾውም፣ የቡናው ጭስም ለእንደዚህ ዓይነት ሳንባ ጠላት ነው። ይህንን ስናገር እናቶች ይከፋቸዋል፣ ያለ ዕጣን ቡና ምን ቡና ነው ይላሉ፤ ግን በዚህ የተነሣ ታፍነው ሌሊት የሚመጡ ሰዎች አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤቱ ኦክስጅን የገባለት ሕመምተኛ ካላችሁ በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ክብሪት አይጫር። ቃጠሎ ያስነሣል።

---

ሹፌር ከአጂፕ (ረቡዕ፣ ማታ 2:30)

የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። የቴኦፊሊኑን ነገር አላውቅም ነበር። እኔ ስተው ምንም መድኃኒት አልወስድም ነበር፣ ሳንባዬም ደኅና ነበር። ለሁሉም ሰው እንደ እኔ ይመስለኝ ነበር።

ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ይህ ቫረኒክሊን የሚሉት ሰውን ራሱን እስከማጥፋት ያደርሳል የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ። እሱስ?

---

መድኃኒት ቤት (ረቡዕ፣ ማታ 3:00)

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከየት እንደመጣም ልንገርህ። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው የተፈቀደው። በኋላ የባሕርይ ለውጥና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ታየባቸው የሚሉ ሪፖርቶች መጡና በ2009 በጥቁር ሳጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈበት። ይህን ለማጣራት ከ8,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ተደረገ፤ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውም ነበሩበት። ውጤቱ በ2016 ወጣ። ቫረኒክሊንም ሆነ ቡፕሮፒዮን ከኒኮቲን ፕላስተርም ሆነ ከባዶው ኪኒን ጋር ሲነጻጸሩ ያን ችግር ጉልህ በሆነ ደረጃ አልጨመሩም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጥቁር ሳጥኑ ማስጠንቀቂያ ተነሣ። ቪዲዮው ምናልባት የድሮውን ነው የሚያወራው።

የዓለም ጤና ድርጅት ቫረኒክሊንንና ቡፕሮፒዮንን በ2021 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ የኒኮቲን ምትክ (ማስቲካውና ፕላስተሩ) ቀድሞም ነበረበት። ይህም ሆኖ ማንኛውም ሰው ጸባዩ ከተለወጠ፣ ክፉ ሐሳብ ከመጣበት፣ ቤተሰብ ቶሎ ለሐኪም ይንገር። ሲጋራ ማቆም በራሱ ሰውን ያስከፋል። ልባም ሰው አጠገቡ ይኑር።

---

የሄርማታ ልጅ (ከ5 ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ)

ተመልሻለሁ። የጠየቃችሁኝ ስለነበራችሁ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሐኪሙ ቫረኒክሊኑን መረጠ። ቡፕሮፒዮኑን ስለ ጫቱና ስለ ቴኦፊሊኑ ተወው። ኩላሊቱ ታየ፣ ደኅና ነው። መድኃኒቱን ለማግኘት ሦስት መድኃኒት ቤት ዞሬ አጣሁት፤ በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በማዘዣው ገዝቶ በካርቶኑ ላከልን። ቴኦፊሊኑ ተቀነሰ። ስጠይቅ ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝና «ማን ነገረሽ?» አለኝ። መድረኩ ላይ ያላችሁትን ሁላችሁንም አመሰገንኩ በልቤ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ማቅለሽለሹ ነበር፣ ቁርስ አስበልተን ስንሰጠው ቀለለ። ሕልሙ ግን ጉድ ነው፤ ሌሊት መኪና እየነዳ ይነቃል። ቡናውን እናቴ ቀነሰችበት፣ አቦሉን ብቻ ታቀርብለትና ጀበናውን ታነሣለች። መጀመሪያ ተቆጣ፣ አሁን ለምዶታል።

ሳሉ ደግሞ ካቆመ በኋላ ባሰበት። ደነገጥን። ነርሷ በክትትሉ ላይ ሳንባው ራሱን ማጽዳት ሲጀምር ለተወሰኑ ሳምንታት እንደዚህ ይሆናል አለችን። አክታው መልኩን ከለወጠ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ወዲያው አምጡት አለች።

አሁን የሚያስከፋኝን ልንገራችሁ። ያለፈው እሑድ ለቅሶ ቤት ሄዶ በርጫ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረ ሰው አንድ ፍሬ ሰጠው። አጨሰ። ሦስት ነው ያጨሰው። ማታ መጥቶ «አልሆነልኝም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ» አለኝ። ምን ልበለው?

---

ነርስ ነኝ (ቅዳሜ፣ ማታ 1:15)

መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። ሦስት ሲጋራ ሦስት ሲጋራ ነው፣ 40 ዓመት አይደለም። ነገ ጠዋት ኪኒኑን እንደተለመደው ይውሰድ፤ ያቆመበትን ቀን ሳይሰርዝ ይቀጥል። ቁጣ አያስፈልግም፣ እሱ ራሱን በበቂ እየተቆጣ ነው።

የወደቀበትን ቦታ ግን አስቡበት። እኔ የማያቸው አብዛኞቹ የሚመለሱት ምርቃና ላይ ነው። ጫቱን በአንድ ቀን ተው ብትሉት ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል ብላችሁ ከፈራችሁ፣ ቢያንስ እነዚህ 12 ሳምንታት እስኪያልፉ ከሚያጨሱ ሰዎች ጋር አይቀመጥ። ለቅሶ ቤት በጠዋት ሄዶ ይመለስ።

---

ቦሳ ቂጦ (ቅዳሜ፣ ማታ 2:00)

ልጄ፣ ለአባትሽ እንዲህ በዪልኝ። እኔ ኪኒኑን ከጀመርኩ በኋላ ሁለት ጊዜ አጭሻለሁ። በአምስተኛው ሳምንትና በሰባተኛው። ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ ለሚስቴም። ዛሬ ነው የምናገረው።

ሐኪሜ አንድ ቀን ወረቀት ላይ መስመር አሥምሮ ያሳየኝን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ሰኮንድ በኃይል ተንፍሰን የምናወጣው አየር በዕድሜ ለሁሉም ሰው ይቀንሳል። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ሳንባቸው መጥበብ የጀመረ አጫሾችን 11 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ ወንዶቹ ላይ ካቆሙት በዓመት 30 ሚሊሊትር፣ ማጨስ ከቀጠሉት ደግሞ 66 ሚሊሊትር ሲቀንስ አየ። የጠፋው አይመለስም፣ እሱን ነግረውናል። ግን የቀረው እንዴት እንደሚሄድ በእጃችን ነው። እኔ ዛሬ ቁልቁል ወደ አወይቱ ወንዝ ወርጄ ሁለት ጊዜ አርፌ እወጣለሁ። ባላቆም ኖሮ ይህንንም አላደርግ።

---

የሄርማታ ልጅ (ከዚያ 9 ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ)

12ቱ ሳምንት አለፈ፤ ያለፈው ሳምንት ነው ያለቀው። ከዚያ እሑድ ወዲህ አንድም አላጨሰም። ሐኪሙ ላቆመ ሰው ተጨማሪ 12 ሳምንት ማስቀጠል ይቻላል ብሎ አዘዘለት፣ እንዳይመለስ ስለሚፈራ። ዋጋው ከባድ ነው። ለሲጋራ ይወጣ የነበረውን እናቴ በየቀኑ ቆርቆሮ ውስጥ ስታስቀምጥ ስለከረመች ከዚያ ከፈልን።

ጠዋት አያስልም። ትናንት ከእንቅልፌ ነቅቼ ጸጥ ሲልብኝ ደንግጬ ሮጬ ክፍሉ ገባሁ። ተቀምጦ ቁርአኑን እያነበበ ነበር። «ምነው?» አለኝ። ምንም አልኩት።

ፓፉ ግን አልቀረም፣ ይወስዳል። ዳገት ላይ አሁንም ያርፋል።

ጋሼ ከቦሳ፣ አባቴ ሊያገኝዎት ይፈልጋል። ጠዋት ጠዋት በእግሩ መሄድ ጀምሯል። የሚያጨሱት ጓደኞቹ ጋ መሄድ ስላቆመ ቀኑ ረዝሞበታል።

---

ሹፌር ከአጂፕ (ሐሙስ፣ ማታ 2:10)

አልሐምዱሊላህ። እህቴ፣ ኪኒን ላይ ኪኒን አትጨምሩበት ያልኩሽን ይቅር በዪኝ። የእኛ ተራ ላይ ሳል የያዛቸው ሦስት ሰዎች አሉ። አንደኛው ትንሽ ሲሄድ ያለከልካል፣ ሱቅ በደረቴ ልጅ ጠርቶ ነው ሲጋራ የሚያስመጣው፣ ልጁ ራሱ 15 ዓመት አይሞላውም። ከ21 ዓመት በታች ላለ መሸጥ እንኳ ክልክል ነው። ሰኞ ይዤው ወደ ሆስፒታል እሄዳለሁ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዘን እንሂድ አይደል?

---

መድኃኒት ቤት (ሐሙስ፣ ማታ 2:25)

አዎ፣ ሁሉንም። ፓፉንም፣ ኪኒኖቹንም፣ የባህል የሆነ ነገር ከጠጣም እሱን። በቀን ስንት ሲጋራ እንደሚያጨስ፣ ከእንቅልፉ ከተነሣ በስንት ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያውን እንደሚለኩስ፣ ስንት ሲኒ ቡና እንደሚጠጣና እንደሚቅም በወረቀት ጻፉ። ሐኪሙ ይህን ይፈልገዋል።

---

ቦሳ ቂጦ (ሐሙስ፣ ማታ 3:00)

እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ወደ ቦዬ በሚወስደው መንገድ ድልድዩ ጋ እጠብቀዋለሁ። ገና ሰው ሳይበዛ፣ አቧራው ሳይነሣ።

---

የሄርማታ ልጅ (ሐሙስ፣ ማታ 3:06)

ነገርኩት ጋሼ። ይመጣል። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ በየመሐሉ ይቆማል፣ እንዳያስቸግርዎት ብሎ ነው።

---

ቦሳ ቂጦ (ሐሙስ፣ ማታ 3:10)

እኔም ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። ፓፉን በኪሱ ይያዝ በዪው።